ወፍጮ ቤትና ሶፋ፦ ለአዲስ ባለትዳር የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ ሰሞኑን ደውለህ ያልከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ዘንድሮ በ2018 የአድዋ በዓል ሰኞ ስለሚውል ሦስት ቀን በተከታታይ ዕረፍት ናችሁ። ጓደኞችህ ግማሾቹ ቢሾፍቱ፣ ግማሾቹ ሐዋሳ ሊወርዱ ነው። እናንተ ግን ጤፍ ልታስፈጩ፣ አትክልት ልትገዙ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ልታሠሩ፣ የተረፈውን ሰዓት ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት ልትቀመጡ ነው። ይህን ስትነግረኝ እንደማፈር አልክ።

እኔ የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም። የባልና ሚስት ኑሮ አብዛኛው የሚያልፈው ወረፋ ላይና ሶፋ ላይ ነው፤ ሐይቅ ዳር የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። ወረፋና ሶፋ ላይ መስማማት ያቃተው ደግሞ ላንጋኖም ቢወርድ ኩርፊያውን በሻንጣ ይዞ ነው የሚወርደው። ስለዚህ እነዚህን ሦስት ቀኖች እንዴት ብትይዟቸው እንደሚሻል ከዚህ በታች ቁጥር ሰጥቼ ጽፌልሃለሁ። ባለቤትህም ታንብበው። ጥቂቱ ለእሷ ነው፤ አብዛኛው ግን ላንተ ነው።

1. ዓርብ ማታ እራት ላይ በልባችሁ ያለውን ተናገሩ። ዕረፍትን የሚያበላሸው የጉዳይ ብዛት ብቻ አይደለም። አንተ ቅዳሜን «እስከ አራት ሰዓት የምተኛበት ቀን» ብለህ ይዘኸዋል፤ እሷ «መጋረጃ የሚታጠብበት ቀን» ብላ ይዛዋለች፤ ሁለታችሁም አልተናገራችሁም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጋረጃው ሲወርድ ጠብ ይነሣል። ወረቀት አውጡና የግድ የሚደረገውን፣ ቢደረግ ጥሩ የሆነውንና እስከ ፋሲካ መቆየት የሚችለውን ለዩ። ልታዩት የምትፈልጉትን ፊልምና ጨዋታም እዚያው ጻፉ፤ እሱም ከጉዳይ ይቆጠራል። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ ካለፈ ግን ዕቅድነቱ ቀርቶ የክስ ማመልከቻ ሆኗል ማለት ነው፤ ቅነሱት።

2. ዓርብን አትናቀው። የመብራት ቆጣሪያችሁ በካርድ የሚሞላ ከሆነ ዓርብ ሙሉት። አለዚያ ቅዳሜ ማታ ድራማው ሲጦፍ ቤቱ ይጨልምና «አንቺ አልነበርሽም እንዴ የምትሞዪው?» «አንተ አልነበርክም እንዴ?» ይጀመራል። ባንክ የሚያስኬድ ነገር ካለ ቅዳሜ ጠዋት ይለቅ፤ ሰኞ በዓል ነው፣ ዝግ ነው። በ2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ብዙው ክፍያ ስልክህ ላይ ያልቃል፤ እኛ ለስልክ ሂሳብ ስንሰለፍ ጸሐይ ሲመታን የኖርን ሰዎች ይህን እንደ ቀላል አናየውም። ውሃ የሚመጣላችሁ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ቀድማችሁ ዕወቁ። እሁድ ሌሊት የሚመጣ ውሃ እያለ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ መዘፍዘፍ ታንከሩን አድርቆ ሁለት ቀን በጀሪካን መሰቃየት ነው።

3. ጉዳይ አብራችሁ ውጡ። ከሁሉ በላይ ልነግርህ የምፈልገው ይህንን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በሥራ ቀን ጉዳይ መከፋፈላችሁ ልክ ነው፤ ጊዜ የለማ። በዕረፍት ቀን ግን «እሷ ታስፈጭ፣ እኔ ቤት ልጠብቅ» የሚለውን አልወድም። ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ወረፋው ረጅም ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ሽሮው፣ በርበሬው፣ ጤፉ ባንድ ላይ ይመጣል። ተራችሁ እስኪደርስ ከጆንያችሁ አጠገብ ትቆማላችሁ። የምትሠሩት ነገር የለም፤ ስልክም በዚያ ጩኸት አይሰማም። ሁለታችሁም ዐይናችሁ ሚዛኑ ላይ ነው። ልብ ብለህ ብታይ ሰው የከበደውን ነገር የሚያወጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ «እስቲ እንነጋገር» ብትላት ድርድር ይመስላትና ትጠነቀቃለች፤ አንተም ትጠነቀቃለህ። ወረፋ ላይ ግን «እናቴ ሰሞኑን ጤንነቷ አላማረኝም» የሚለው እንደ ዘበት ይወጣል። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ነገር፣ አለቃህ ያስቀየመህ ቀን፣ ሁሉም። እኔና አክስትህ ትልልቁን ነገር የወሰንነው ጎን ለጎን እየሄድን፣ እጃችን ላይ ዘንቢል እያለ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ዱቄቱም ልንገርህ፤ ይህን የሚነግርህ አታገኝም። ወፍጮው ላይ የቀረው የሌላ ሰው እህል ተጠርጎ ሳይወጣ ጤፋችሁን አታስገቡ፤ አስፈጪው ቢቸኩልም ቆማችሁ እዩ። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ዱቄቱን ከነትኩሳቱ ከረጢት ውስጥ አታፍኑት፤ ዘርጉትና ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ክተቱት። ታፍኖ ያደረ ዱቄት ይበላሻል።

ጀሞ ስለምትኖሩ የአትክልት ገበያው ሃይሌ ጋርመንት ቅርባችሁ ነው። እኛ ድሮ አትክልት ተራ ስንል ፒያሳ ሥር ያለውን ነበር፤ በ2012 ኮሮና ሲመጣ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ ከዚያም እናንተ ዘንድ መጣ። ማለዳ ሂዱ። ሽንኩርቱን በኬሻ ገዝታችሁ ከጎረቤት ጋር ብትካፈሉ ያዋጣል፤ ሁለት ሰው ግን ኬሻ ሙሉ ሽንኩርት ለብቻው ልግዛ ካለ ግማሹ ይበቅልበታል። መርካቶ የሚያስኬድ ነገር ካላችሁ ቅዳሜ ይሁን፤ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።

ኮንዶሚኒየማችሁ አሳንሰር የለውም፣ እናንተ አራተኛ ፎቅ ናችሁ። ግማሽ ኩንታል ጤፍ 50 ኪሎ ነው። «ወጣት ነኝ» ብለህ በባለቤትህ ፊት ጉልበት ለማሳየት አትሸከም። ለተሸካሚው ልጅ ክፈለው፤ እሱም እንጀራው ነው፣ አንተም ሰኞን ወገብህን ይዘህ አታሳልፍም።

4. ገበያ ላይ ዝም ካልክ ቤትም ዝም በል። እሷ ተከራክራ የገዛችውን ቲማቲም ፎቅ ከወጣችሁ በኋላ «ከታች ካለው ልጅ በአነሰ ታገኚው ነበር» ማለት ምን ይጠቅማል? ቲማቲሙ ተገዝቷል። እዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

5. ቧንቧ ሠራተኛ ቀጥረህ ቤት አትቀመጥ። በበዓል ሰሞን «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ይልሃል፤ ቀኑ ይመሻል። ከሥሩ ባልዲ አኑርና ለማክሰኞ ቅጠረው።

6. ኳስን በሚመለከት ሒሳብ እንሥራ። በዚህ ወቅት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡30 ይጀምራል፤ የመካከለኞቹ 12 ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻው ማታ 2፡30። ሦስቱንም እከታተላለሁ ያልክ እንደሆነ እስከ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ከወንበርህ አልተነሣህም። እሁድ ደግሞ 11 ሰዓት ላይና ማታ 1፡30 ላይ አለ። በመጋቢት 20 አካባቢ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ለፋሲካ ሰሞን ይህን አስታውስ።

የምልህ ይህ ነው፤ የክለብህን ጨዋታ እይ፣ የሌላውን ተወው። የምትወደው ክለብ ሲጫወት ማንም አይንካህ፤ ያ መብትህ ነው፣ ባለቤትህም በዚያ ሰዓት ዕቃ አንሣ፣ መብራት ቀይር አትበልህ። ነገር ግን ከሰንጠረዡ ግርጌ ያሉ ሁለት ክለቦች እኩል ለእኩል ሲለያዩ ለማየት ሚስትን አንድ ምሽት ሙሉ ማስቀየም ትርፍ የለውም። ዲኤስቲቪ ቤት ሄጄ ከጓደኞቼ ጋር ልይ ካልክም ሂድ፣ ግን ዓርብ ማታ በወረቀቱ ላይ ያለ ነገር ይሁን። የሚያስቀይመው መውጣቱ ሳይሆን ሳይነግሩ ወጥቶ ማምሸቱ ነው።

7. የጋራ ድራማ ይኑራችሁ። ቴሌቪዥን ትዳር ያፈርሳል የሚሉ እኩዮች አሉኝ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሥራ ሲጀምርና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በየሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ማታ ማታ ጎረቤቱ እዚያ ይሰበሰባል፤ ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቅ ሰዎች ወንበር ላይ። በ1977 መደበኛው ሥርጭት ባለቀለም ሲሆን ደግሞ ማን ቤት ባለቀለም ገባ እያልን እንጠያየቅ ነበር። ጣቢያው አንድ ስለነበር ማን ምን ይይ የሚል ጭቅጭቅ አልነበረም። የዛሬው ጭቅጭቅ የመጣው ከሪሞቱ ነው።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ተነሥቶ የቱርኩን «ጥቁር ፍቅር» በአማርኛ ሲያሰማ «እራት ዘገየ» ብሎ ያኮረፈ ባል ብዙ ነው። የአገራችን ባለሙያዎችም ሥራችንን ይጎዳል ብለው ተቃውመው ነበር፤ የእነሱ ቅሬታ ምክንያት ነበረው። የባሎቹ ግን ብዙም አልቆየም፤ ጋዜጣ የያዙ መስለው በጋዜጣው ላይ አሻግረው ያዩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ትናንት ምን ላይ ቆመ?» ማለት ጀመሩ።

አንተ በጋዜጣ አትሸፈን። እሷ የምትወደውን አንድ ተከታታይ ድራማ ምረጡና አብረህ ጀምር። ቱርክ ይሁን፣ የአገር ውስጥ ይሁን ግድ የለም። ሕጉ አንድ ነው፤ ቀጣዩን ክፍል አንዱ ብቻውን አያይም። ስልኩ ላይ በሌሊት ቀድሞ አይቶ ማግስቱን አዲስ መስሎ የሚቀመጥ ባል ከፊቱ ይታወቃል። ድራማው መሀል ሐሜት አይከልከል። «ይህቺ ሴትዮ ግን ምን ሆናለች?» እያላችሁ ፍረዱ። ባለቤትህ በድራማው አማት ላይ የምትሰጠውን ፍርድ በደንብ አዳምጥ፤ ስለ እናትህ ምን እንደምታስብ ትሰማለህ። መልስ አትስጥ፤ ብቻ ስማ።

ስልክህን በእጅህ እያገላበጥክ፣ አንድ ዐይንህን ማያው ላይ ጥለህ «አብረን እያየን ነው» አትበል። እሷ እንቅልፍ ወስዷት ትከሻህ ላይ ጋደም ካለች ደግሞ «ተኝተሻል እኮ!» ብለህ አትቀስቅሳት። ድራማውን አቁምና ሌላ ነገር እይ።

8. ምጣድ ሲሰካ ሶፋው ባዶ ይሁን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በላዩ የውሃ ማሞቂያና ምድጃ ከተጨመረበት ብሬከሩ ይወርድና ቴሌቪዥኑም አብሮ ይጠፋል። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም፤ ይህን ያደረገ ቤት ሲቃጠል አይቻለሁ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እሷ ምጣዱ ፊት ቆማ አንተ ሶፋ ላይ ከሆንክ ይህ ሦስት ቀን ላንተ ዕረፍት፣ ለእሷ የሥራ ቀን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በቁጥር 1156/2011፣ በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል። ቤት ውስጥ ለሚጋገረው እንጀራ እጥፍ የሚከፍል አዋጅ ስለሌለ ያንን የምትከፍለው አንተ ነህ። መጋገር ባትችል እንጀራውን አውጣ፣ ሽንኩርት ክተፍ፣ ዕቃ እጠብ። በእኔ ዘመን ወንድ ማድቤት ገባ ቢባል ሰፈር ይስቅ ነበር። ይሳቅ። የሳቁት ሁሉ በጡረታቸው ሻይ ማፍላት አቅቷቸው ሲቸገሩ እያየሁ ነው።

9. ግማሽ ቀን ለሰው ስጡ። ለቅሶ ካለ ወረቀቱም ድራማውም ይቀራል፤ ይህ አይነገርም። የእድር መዋጮውንም አንዳንዴ በእጅህ አድርስ፤ በስልክ የሚከፍል ጎረቤት ስሙ እንጂ መልኩ አይታወቅም።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የጀመሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ከናንተ ፊት ለፊት ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ቀኑን ሙሉ ጾመው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ያፈጥራሉ። በዚያ ሰዓት የኳሱን ድምፅ ቀንሱና አንድ ምሽት ቴምር ወይም ፍራፍሬ ይዛችሁ አንኳኩ። መቼም ባዶ እጃችሁን አይመልሷችሁም፤ ሳምቡሳው የምስር ወይስ የሥጋ መሆኑን ጠይቁ። እነሱም ጿሚ ናቸው፤ አይቀየሙም።

የሁለቱም ወገን ቤተሰብ በአንድ ቀን አይጠየቅም። ሳሪስ ምሳ፣ አያት መክሰስ እያላችሁ ከተማውን ስታቋርጡ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ሁለቱም ቤት ደግሞ «ምነው ቸኮላችሁ» ይላል። በዚህኛው ዕረፍት የእሷ እናት ጋ ሂዱ። ወንድሜ ይህን ቢያነብ እንደሚያኮርፈኝ ዐውቃለሁ፤ ይሁን፣ ልጁ ነህና ይቅር ይልሃል። አማትህ ግን ገና እያጠኑህ ነው።

10. ሰኞን እንደ ተራ ዕረፍት አታሳልፉት። የአድዋ ጦርነት የሆነው እሁድ የካቲት 23 ቀን 1888፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ወደ ፒያሳ መውጣት ካሰባችሁ ማለዳ ውጡ፤ መንገዶች ይዘጋሉ፣ መኪና ይቅርባችሁ። ቤት ከሆናችሁ ሥርጭቱን እዩ፤ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራውን «አድዋ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ካላያችሁት ደግሞ የሰኞ ከሰዓት ፊልማችሁ እሱ ይሁን።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለባለትዳር የሚሆን ነገር አለ። መቀሌ ላይ ጣሊያን ምሽግ ይዞ አልነቃነቅ ሲል «የሚጠጡበትን ምንጭ እንያዝባቸው» ያሉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ምኒልክ ሰሙ፤ ምንጩ ተያዘ፣ ውሃ የጠማው ጦር ምሽጉን ለቀቀ። ሚስታቸውን በመስማታቸው ዙፋናቸው አልጎደለም። አንተ ባለቤትህ «ዛሬ በጀሪካን ውሃ እንያዝ» ስትልህ ለምን እንደምታኮርፍ አይገባኝም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ማክሰኞ ሥራ አለ።

11. ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። እኛ አገር በዓል ቅዳሜ ወይም እሁድ ቢውል በሰኞ አይተካም። አድዋ በ2016 ቅዳሜ፣ በ2017 እሁድ ውሎ የቢሮ ሠራተኛው አንድም ተጨማሪ ቀን አላገኘበትም። ስታገባ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሰጠህ የጋብቻ ፈቃድም ሦስት የሥራ ቀን ብቻ ነበር፤ እሱንም በመልስና በቅልቅል ጨረሳችሁት። በ2019 አድዋ ማክሰኞ ይውላል። ሰኞን ከዓመት ፈቃድህ ላይ ከወሰድክ አራት ቀን ይሆናል፤ ባልደረቦችህም ይህን ማስላታቸው አይቀርምና ማመልከቻህን ቀድመህ አስገባ።